ጊዜያዊ የኢሜይል አድራሻ፦ የት ይጠቅማል፣ የትስ ይጎዳል?

ጊዜያዊ የኢሜይል አድራሻ ያለ ምዝገባ ወዲያውኑ ተከፍቶ ከአጭር ጊዜ በኋላ የሚጠፋ አድራሻ ነው። ለምሳሌ ቴን ሚኒት ሜይል የተባለው አገልግሎት አድራሻውን የሚሰጠው ለ10 ደቂቃ ሲሆን፣ ተጠቃሚው ሲፈልግ ጊዜውን ያራዝማል። አንድን ጽሑፍ ለማውረድ ወይም የሆቴል ዋይፋይ ለመጠቀም ብቻ ኢሜይል ሲጠየቅ፣ ዋናውን አድራሻ ካልተፈለጉ የማስታወቂያ መልእክቶች ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ጊዜያዊ መሆኑ ብቻውን ምስጢራዊ አያደርገውም። በሜይሊኔተር ነጻ አገልግሎት የመልእክት ሳጥኖቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ የአድራሻውን ስም የሚያውቅ ወይም ገምቶ የጻፈ ሁሉ ውስጡን ያነባል።

ለመንግሥት አገልግሎት ጊዜያዊ አድራሻ መጠቀም ፈጽሞ አይመከርም። የማመልከቻ ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀን፣ ሰነድ እንዲሟላ የሚጠይቅ ማሳሰቢያና የይለፍ ቃል መቀየሪያ የሚላኩት በተመዘገበው ኢሜይል ነው። አድራሻው ከጠፋ ተገልጋዩ ቀነ ገደብ ሊያልፍበት ይችላል። አድራሻው በሌላ ሰው እጅ ከገባ ደግሞ፣ ያ ሰው የይለፍ ቃሉን ቀይሮ የባለጉዳዩን ሰነዶች ሊመለከት ይችላል።

ግላዊነቱን መጠበቅ ለሚሻ ተገልጋይ የተሻለው አማራጭ ተለዋጭ አድራሻ ነው። የአፕል ሃይድ ማይ ኢሜይልና የሞዚላ ፋየርፎክስ ሪሌይ ዋናውን አድራሻ ሳይገልጡ መልእክቱን ወደ እርሱ ያስተላልፋሉ፤ ባስፈለገም ጊዜ ይዘጋሉ። በጂሜይል ከስሙ ቀጥሎ የመደመር ምልክትና አንድ ቃል መጨመር ይቻላል፤ ይህ ግን መልእክትን ለመለየት እንጂ አድራሻን ለመደበቅ አይረዳም። ለመንግሥት ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል ራሱን የቻለ ቋሚ ኢሜይል መክፈትም ቀላል መፍትሔ ነው።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቅጹን በኢንተርኔት ቤት ለሚያስሞላ ተገልጋይ ነው። ሞይው ለጊዜው እንዲያልፍለት ሲል የራሱን ወይም ጊዜያዊ አድራሻ ሊያስገባ ይችላል፤ ባለጉዳዩ ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ መልስ ሲቀርበት ነው። ስለሆነም ቅጹ ከመላኩ በፊት የኢሜይሉን ሳጥን በራስ ዓይን ማንበብና የይለፍ ቃሉን በራስ እጅ መያዝ ያስፈልጋል። አስቀድሞ በጊዜያዊ አድራሻ የተመዘገበ ተገልጋይ፣ አካውንቱ ሳይዘጋበት ገብቶ አድራሻውን ሊቀይር ይገባል። መግባት ካልቻለ የማንነት ማረጋገጫ ይዞ አገልግሎቱን ወደሚሰጠው ተቋም በመቅረብ እንዲታረምለት ይጠይቃል፤ የተሳሳተ የግል መረጃን የማሳረም መብት በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተደንግጓል።