የትሪኒቲ ቅጽር እና ከቅጽሩ ውጭ የቀሩት

ኒውዮርክ ውስጥ ዎል ስትሪት ብሮድዌይን በሚያገኝበት ቦታ፣ በሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች መካከል የትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። በግቢው ካሉት የመቃብር ድንጋዮች ጥንታዊው የሪቻርድ ቸርቸር ነው። ሪቻርድ በ1681 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሲሞት የ5 ዓመት ልጅ ነበር። የድንጋዩ ፊት የልጁንና የአባቱን ስም ይዟል፤ በጀርባው ክንፍ ያለው የአሸዋ ሰዓት፣ የራስ ቅልና የተጠላለፉ አጥንቶች ተቀርጸውበታል። የዚያ ዘመን ሰው በሕፃን መቃብር ላይ እንኳ ሞትን አለሳልሶ አያሳይም ነበር።

ድንጋዩ ቤተ ክርስቲያኑን በዕድሜ ይበልጠዋል። ቦታው ቀድሞ የከተማው ሕዝብ መቃብር ነበር። የትሪኒቲ ደብር በእንግሊዙ ንጉሥ በዊልያም ሣልሳዊ ዘመን፣ በ1697 ተመሠረተ፤ በዓመቱም የመጀመሪያው ሕንፃ አለቀ። ያ ሕንፃ በ1776ቱ ታላቅ ቃጠሎ ወደመ። ዛሬ የሚታየው ሦስተኛው ሲሆን የተጠናቀቀው በ1846 ነው።

ጎብኚ በብዛት የሚሰበሰበው በአሌክሳንደር ሃሚልተን ነጭ እብነ በረድ ሐውልት ዙሪያ ነው። የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር በ1804 ከምክትል ፕሬዚዳንቱ ከአሮን በር ጋር በሽጉጥ ተፋልሞ ቆሰለ፤ በማግስቱም ሞተ። ከሦስት ዓመት በፊት የበኩር ልጁ ፊልጶስ እንዲሁ በሽጉጥ ፍልሚያ ተገድሎ እዚሁ ግቢ ተቀብሯል፤ የልጁ መቃብር ግን በየትኛው በኩል እንደሆነ ምልክት የለውም። ባሏንም ልጇንም በአንድ ዓይነት ሞት ያጣችው ኤልሳቤጥ በ1854፣ በ97 ዓመቷ አርፋ ከባሏ አጠገብ ተቀበረች።

የዚህ ግቢ ታሪክ ግን በውስጡ ባረፉት ብቻ ቢነገር ግማሹ ይቀራል። ደብሩ በተመሠረተ በጥቂት ወራት፣ በጥቅምት 1697፣ አስተዳዳሪዎቹ ተሰብስበው ከአራት ሳምንት በኋላ ማንም ጥቁር በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንዳይቀበር ወሰኑ። በዚያው በዎል ስትሪት የምሥራቅ ጫፍ ከ1711 እስከ 1762 የባሪያ ገበያ ቆሞ ነበር። ከተማዪቱ በእነዚህ ሰዎች ጉልበት ስትጠቀም ኖራ፣ ሲሞቱ የሚያርፉበትን አፈር ነፈገቻቸው። ከዚህ የከፋ ንፍገት ማሰብ ይከብዳል።

ስለዚህ አፍሪካውያኑ ሙታናቸውን ከከተማው ወሰን ውጭ፣ በስተሰሜን ባለው ባዶ መሬት ይቀብሩ ጀመር። እዚያም ሕጉ ተከተላቸው፤ ቀብር በቀን ብርሃን ብቻ እንዲፈጸም ታዘዘ፤ በ1731 ደግሞ የቀባሪዎች ቁጥር ከ12 እንዳይበልጥ ተደነገገ። ለቀስተኛ ተቆጥሮ የሚፈቀድበት ቀብር ምን ያህል መራራ እንደሆነ፣ ቀብር ላይ መንደሩ ሁሉ የሚወጣበት አገር ሰው በቀላሉ ይገባዋል።

የመቃብር ቦታው በ1790ዎቹ ተዘጋ፤ አፈር ተደልድሎበት ሕንፃ ተሠራበት፤ ተረሳም። በ1991 የፌዴራል መንግሥት ለቢሮ ሕንፃ መሠረት ሲያስቆፍር አጽሞች መውጣት ጀመሩ። ጥቁር ኒውዮርካውያን ቁፋሮው እንዲቆም በጽኑ ታገሉ፤ በ1992ም ቆመ። የ419 ሰዎች አጽም በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተጠና፤ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ልጆች ነበሩ። በብዙዎቹ አዋቂዎች አጥንት ላይ የከባድ ሸክም ጉዳት ታየ። አንዲት ሴት ጥርሶቿ እንደ አፍሪካ ልማድ ተሞርደው፣ ወገቧ ላይ ጨሌ እንደታጠቀች ተገኘች። ጨሌው ከ100 ፍሬ በላይ ነው። ያን ሁሉ ክልከላ አልፈው የቀበሯት ሰዎች ጌጧን ሳያወልቁ በክብር ሸኝተዋታል።

በጥቅምት 2003 አጽሞቹ ጋና ውስጥ በእጅ በተቀረጹ ሣጥኖች ተደርገው፣ በወጡበት አቅራቢያ ዳግመኛ ተቀበሩ። ቦታው በ2006 ብሔራዊ መታሰቢያ ተባለ። ከትሪኒቲ በብሮድዌይ ሽቅብ ሲሄዱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሃሚልተንን ለማየት የሄደ ሰው እግረ መንገዱን ሊደርስበት ይችላል፤ ሊደርስበትም ይገባል።