በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከዊንዶውስ ጎን ለጎን ኡቡንቱን ስለመጫን

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ይሁን እንጂ ዊንዶውስ 11ን መቀበል የማይችሉ፣ ነገር ግን ገና በቂ አገልግሎት መስጠት የሚችሉ ኮምፒዩተሮች በዜጎች እጅ ይገኛሉ። ለእነዚህ ተገልጋዮች ካሉት አማራጮች አንዱ፣ ነባሩን ሥርዓተ ክወና (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ሳያጠፉ በነፃ የሚገኘውን ኡቡንቱን በጎኑ መጫን ነው። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር የትኛው ይነሣ የሚል ምርጫ ያቀርባል። በዚህም ኢሜይልን፣ የባንክ አገልግሎትንና ሌላውን የኢንተርኔት ሥራ በኡቡንቱ ማከናወን፣ እንደ ፒችትሪ ያሉትን ለዊንዶውስ የተሠሩ የሒሳብ ፕሮግራሞች ደግሞ በነበሩበት መጠቀም ይቻላል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለማይሠሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሣት ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነ የተቋሙን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ሳያስፈቅዱ ይህን ሥራ አይጀምሩ።

ቅድመ ዝግጅት

በዚህ ሥራ ላይ የሚያጋጥመው ዋነኛ ጉዳት የኮምፒዩተሩ መበላሸት ሳይሆን የሰነድ መጥፋት ነው። ስለሆነም የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍና ሌሎች ፋይሎች ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልበጡ፤ ቅጂው በትክክል መከፈቱንም በሌላ ኮምፒዩተር ያረጋግጡ። በዚያው ሃርድ ዲስክ ሌላ ክፋይ ላይ የተቀመጠ ቅጂ እንደ መጠባበቂያ አይቆጠርም።

ቀጥሎ ቢትሎከር የተባለው የምስጠራ አገልግሎት መብራቱን ይመልከቱ። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው በርቶ ይገኛል። በርቶ ከተገኘ 48 አኃዝ ያለውን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ በወረቀት ጽፈው ካስቀመጡ በኋላ አገልግሎቱን ያጥፉ። ቁልፉ ከጠፋ ማንም ባለሙያ ፋይሉን ሊከፍትልዎ አይችልም። ምስጠራው ተፈትቶ እስኪያልቅ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል በትዕግሥት ይጠብቁ።

ዊንዶውስን ፈጥኖ ለማስነሣት የተዘጋጀው «ፋስት ስታርትአፕ» የተባለው አሠራርም መጥፋት አለበት። ይህ አሠራር ሲበራ ዊንዶውስ የተዘጋ ቢመስልም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በዚህ ጊዜ ኡቡንቱ በዊንዶውስ ክፋይ ላይ እንዳይጽፍ ይከለከላል።

ለኡቡንቱ ቢያንስ 25 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ በተግባር ግን 50 ጊጋባይት ቢለቀቅለት ይመረጣል። ቦታውን ለመልቀቅ የዊንዶውስን ክፋይ ማሳነስ የሚገባው በራሱ በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ ነው።

አጫጫን

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውና ለ5 ዓመታት ማሻሻያ የሚያገኘው ኡቡንቱ 24.04 መጠኑ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ፣ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ይልቅ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ቢወርድ ወጪ ይቀንሳል። የወረደው ፋይል ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ እንደ ሩፉስ ባለ ፕሮግራም ይጻፋል። በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ አይዘንጉ። ከዚያም ኮምፒዩተሩ ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል፤ ለዚህ የሚያገለግለው ቁልፍ በዴልና በሌኖቮ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ9 ነው።

መጫኑን ከመጀመርዎ በፊት ኡቡንቱን ከፍላሹ ላይ እንዳለ ይሞክሩት። ዋይፋዩ፣ ድምፁና የአማርኛ አጻጻፉ መሥራታቸውን ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ለማየት የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ያለችግር ይነበባል። በአንጻሩ እንደ ቪዡዋል ግዕዝ ባሉ የቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ሆነው ይታያሉ፤ እነዚህን በዊንዶውስ በኩል ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይሻላል።

የመብራት መቋረጥ በዚህ ሥራ መካከል ካጋጠመ ሁለቱም ሥርዓቶች እንዳይነሡ ሊያደርግ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አይጀመር።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው አንድ ገጽ አለ። «ኢንስቶል ኡቡንቱ አሎንግሳይድ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚለው ምርጫ ኡቡንቱን በጎን ይጭናል፤ «ኢሬዝ ዲስክ ኤንድ ኢንስቶል ኡቡንቱ» የሚለው ግን ዊንዶውስንም ሰነዶችንም ያጠፋል። የመጀመሪያው ምርጫ ካልታየ ሁለተኛውን በመተኪያነት አይምረጡ፤ መጫኑን አቋርጠው ቢትሎከር መጥፋቱንና ባዶ ቦታ መለቀቁን እንደገና ይመልከቱ።

ከመጫን በኋላ

ዊንዶውስ ሲከፈት ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ቢያገኙት ብልሽት አይደለም። ኡቡንቱ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ሲያስቀምጥ ዊንዶውስ የአገር ውስጥ ሰዓት አድርጎ ስለሚያነበው ነው። (በእኛ የሰዓት አቆጠራና በውጭው መካከል ካለው የ6 ሰዓት ልዩነት ጋር ግንኙነት የለውም።) በዊንዶውስ የሰዓት ማስተካከያ ገጽ ላይ ከኢንተርኔት ጋር ሲናበብ ይስተካከላል።

ኡቡንቱን ለማስወገድ የሚፈልግ ተጠቃሚ ክፋዩን በቀጥታ መሰረዝ የለበትም፤ ማስነሻው የሚፈልገውን ፋይል ስለሚያጣ ኮምፒዩተሩ በጥቁር ገጽ ላይ ሊቆም ይችላል። አስቀድሞ በኮምፒዩተሩ የማስነሻ ቅደም ተከተል ውስጥ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» ወደ አንደኛ ተራ ይመለሳል፤ ዊንዶውስ ያለ ምርጫ ገጽ በቀጥታ መነሣቱ ከተረጋገጠ በኋላ የኡቡንቱ ክፋይ ተሰርዞ ቦታው ለዊንዶውስ ይመለሳል።