የመንደር መንገድ ባለቤት ማን ነው? የጥገና ገንዘብ ታሪክ ከአብነት ሲታይ



 የዛሬው ርእሴ በታሪክ መጻሕፍታችን ብዙ ቦታ ያልተሰጠው ነው። ስለ ጦር ሜዳና ስለ ዙፋን አልናገርም። የምናገረው ስለ ገረጋንቲ፣ ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እነዚህን ለመጠገን የሚያስፈልገውን ገንዘብ በየዘመኑ ማን ያወጣ እንደነበር ነው።

«አብነት» በቋንቋችን ምሳሌ ማለት ነው። ለእኔ ግን ከምሳሌነቱ በፊት ያደግሁበት ሰፈር ስም ነው። በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ጎን ባለው በዚያ ሰፈር በልጅነቴ ሁለት ዓይነት መንገድ አውቅ ነበር። አንደኛው አስፋልቱ ነው፤ አውቶቡሱ፣ ታክሲውና ወደ መርካቶ ዕቃ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና የሚተላለፍበት። ሁለተኛው ከአስፋልቱ ታጥፎ በቤቶቹ መካከል የሚገባው ነው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። አስፋልቱ ሲቦረቦር የመንግሥት ሠራተኞች መጥተው ይደፍኑታል። የእኛው ሲቦረቦር አንድ ሰው ደብተር ይዞ በየበሩ ያንኳኳል።

እናቴ የከፈለችበትን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ለአንድ ቦይ ክዳን የተከፈሉ መዋጮዎች ናቸው። ክዳኑ ግን ከደጃችን አልደረሰም። ገንዘቡን የሰበሰበውን አካል ስም መጥራት ለዛሬ ጉዳዬ አይጠቅምም፤ ለእኔ የጠቀሙኝ ደረሰኞቹ ናቸው። የታሪክ ተማሪ ከሆንኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አስነሥተውብኛል። አንዱ መንገድ የመንግሥት፣ ሌላው የነዋሪ የሆነው መቼና በማን ውሳኔ ነው?

የማቀርበው መልስ በአጭሩ ይህ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ባለፉት 70 ዓመታት ለአውራ ጎዳና ቋሚ የጥገና ገንዘብ ማደራጀትን ደረጃ በደረጃ ተምሯል። የመንደሩን መንገድ በተመለከተ ግን ሕጉ ኃላፊነቱን ለነዋሪው ሲሰጥ ኃላፊነቱን የሚሸከም ገንዘብ አብሮ አላዘለቀለትም።

ከመነሻው እንጀምር። አዲስ አበባ በሰፈር የተመሠረተች ከተማ ናት። መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ከነሠራዊታቸው ሲሰፍሩ መንገዱ በሰፈሮቹ መካከል የቀረው ክፍት ቦታ ሆነ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ ተሠራ። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫም በከተማይቱ ታየ። ያን ጊዜ የዘመናዊ መንገድ ትርጉም ከቤተ መንግሥት ተነሥቶ ወደ አገር የሚወጣው ነበር። በሰፈሩ ውስጥ ያለው መተላለፊያ የሰፈረበት ሰው ጉዳይ ነበር።

የጣልያን ወረራ ይህን ልዩነት በድንጋይ አጸናው። ወራሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዋና ከተማይቱ ወደየአቅጣጫው የሚዘረጉ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትር መንገዶችን ሠራ። አገሬው ሰው ከአውሮፓውያን ተለይቶ እንዲኖርና እንዲገበይ ሲል አዲስ ከተማንና የዛሬውን መርካቶ በቀጥታ መስመሮች ቀየሰ። ከመርካቶ ወጥቶ ወደ አብነት የሚወርድ ሰው ቀጥ ያሉት መንገዶች የሚያበቁበትን፣ ጠመዝማዛዎቹ የሚጀምሩበትን ቦታ በእግሩ ያውቀዋል።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት የወረሰው መንገድ ብዙ፣ የመጠገኛ አቅሙ ግን ጥቂት ነበር። በ1943 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። በዓመቱ መባቻ የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አበደረ፤ በዚያው ጊዜ ከተፈረመው የልማት ባንክ ብድር ጋር ባንኩ ለአፍሪካ አገር የሰጠው የመጀመሪያው ብድር ነው። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 115 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በአሜሪካ የመንገድ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች እገዛ የተደራጀው ይህ ተቋም ጥገናን ከዘመቻ አውጥቶ የዘወትር ሙያ አደረገው። ክልሉ ግን በስሙ ተጽፏል፤ «አውራ ጎዳና»።

የከተማው መንገድ ለማዘጋጃ ቤት ቀረ። የ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 የከተማ አገልግሎቶችን ኃላፊነት ለማዘጋጃ ቤቶች ሰጥቷል። የማዘጋጃ ቤት ገቢ ግን ከከተማይቱ ዕድገት ጋር ሊራመድ አልቻለም። ክፍተቱን የሞላው ሕግ ሳይሆን እድር ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብርና ከሐዘን አልፈው በመንገድ፣ በውኃና በመሰል ሥራዎች መሳተፍ ጀመሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ያን ዘመን በደንብ ይገልጸዋል።

ይህ የእኛ ልዩ ታሪክ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1555 የወጣ ሕግ የየአጥቢያውን ነዋሪ በዓመት 4 ቀን በመንገድ ላይ በነፃ እንዲሠራ አስገደደ፤ ጥቂት ቆይቶ ቀኑ ወደ 6 ከፍ አለ። ግዴታው የቀረው በ1835 ነበር። የነዋሪ ጉልበት በየትም አገር የመንገድ ጥገና የመጀመሪያው ግምጃ ቤት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ግብር ጉልበቱን ተክቶታል ወይስ በላዩ ተደርቧል በሚለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሰነድ ደረስን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ሁላችንም የምናስታውሰው ይህን ነው። አዋጁ ግን ከዚህ ያነሰ ዝና ያለው፣ ለጉዳያችን ግን የበለጠ ክብደት ያለው ክፍል አለው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን አቋቋመ። ከመንግሥት ጋር በመተባበር የትምህርት፣ የጤና፣ የገበያና የመንገድ አገልግሎቶችን እንዲያደራጁ አዘዘ። እስከ 100 ብር የሚከራዩ ቤቶችን ኪራይ እንዲሰበስቡ፣ የሰበሰቡትንና ከመንግሥት የሚያገኙትን ድጎማ ለነዋሪው ኑሮ መሻሻል እንዲያውሉ ፈቀደ።

ይህ በሐሳብ ደረጃ ያለቀለት ዝግጅት ነው። ቀበሌው የታወቀ ሥራ፣ የራሱ ገቢና የመንግሥት ድጎማ አለው። በአብነት አካባቢ ብዙው ሰው የቀበሌ ቤት ተከራይ ስለነበረ ኪራዩ ተመልሶ ደጁን ያድስለታል ማለት ነበር። ታዲያ ምን ሆነ?

ሦስት ነገሮች ሆኑ። አንደኛ፣ ያው አዋጅ ኪራዩን ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰው። ተከራይ ለነበረው ድሀ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ የእኔም ቤተሰብ ተጠቅሟል። ሁለተኛ፣ የተቀነሰው ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ። የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የብረት ዋጋ ሲወጣ ቀበሌው የሚሰበስበው ብር እዚያው ቆመ። በመጨረሻ ኪራዩ የራሱን የቤቱን ጣሪያ እንኳ የማያድስ ሆነ። ሦስተኛ፣ ድጎማው በአዋጁ ቢጠቀስም ስንት እንደሚሆን በቁጥር አልሰፈረም። መጠን የሌለው ቃል ኪዳን በበጀት ሰሞን የመጀመሪያው ተቀናሽ ነው። አገሪቱ በጦርነትና በድርቅ በተያዘችበት ዘመን የመንደር ቦይ ተራ አይደርሰውም ነበር። ቀበሌው የቀረው መሣሪያ ደብተሩና ጥሪው ሆነ። የእናቴ ደረሰኞች የተጻፉት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

የመንግሥት ለውጥ ሌላ አስተሳሰብ ይዞ መጣ። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ከሰሐራ በስተደቡብ ባሉ አገሮች ለመንገድ ከፈሰሰው ወደ 150 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሀብት አንድ ሦስተኛው ያህል በጥገና እጦት መጥፋቱን አሰሉ። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ከመደበኛው በጀት የተለየ የመንገድ ፈንድ ነበር። ፈንዱ ራሱን ችሎ በቦርድ እንዲመራ የተፈለገበት ምክንያት አለ። በብሪታንያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቋቋመውን የመንገድ ፈንድ በ1920ዎቹ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ለሌላ ወጪ ወስደውበታል። ለመንገድ ተብሎ የተሰበሰበ ገንዘብ ጠባቂ ከሌለው ወደ ሌላ ጎዳና ይሄዳል።

ኢትዮጵያ የመንገድ ፈንዷን በአዋጅ ቁጥር 66/1989 አቋቋመች። ዋናው ገቢ በነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚጣለው ክፍያ ነው፤ መርሑም «ተጠቃሚው ይክፈል» የሚል ነው። በመጀመሪያው ድልድል ለፌዴራል መንገዶች 70፣ ለክልሎች 20፣ ለከተሞች 10 በመቶ ተመደበ። በማግሥቱ፣ በ1990 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን በደንብ ቁጥር 7 ተቋቋመ። ይህ ትልቅ እርምጃ እንደነበር መካድ አልሻም። የአገር አቋራጭ መንገዶቻችን ጥገና የዓመት ዓመት ልመና መሆኑ የቀረው በዚህ ነው።

ነገር ግን መርሑን ከአብነት ሆነን እንየው። ፈንዱ ተጠቃሚ የሚለው ነዳጅ የሚቀዳውን ነው። ገንዘቡም በተፈጥሮው ብዙ ተሽከርካሪ ወደሚመላለስበት መንገድ ያዘነብላል። በጠባቡ መንገድ የሚሄደው እግረኛ፣ ተሸካሚ፣ ተማሪና አስከሬን ያነሣ የእድር ሰው በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ሆኖም ይህ ሰው ሳይከፍል አልቀረም። ታክሲ ሲሳፈር፣ በጭነት መኪና የመጣ ጤፍ ሲገዛ የነዳጁን ክፍያ በታሪፉና በዋጋው ውስጥ ይከፍላል። ቤት ካለው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ይከፍላል። ከዚያ በኋላ የራሱን መንደር መንገድ ለማሠራት ደግሞ መዋጮ ይጠየቃል።

የኮብልስቶን ዘመን ይህን በግልጽ አሳየ። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአዲስ አበባ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች በተጠረበ ድንጋይ መነጠፍ ጀመሩ። ድንጋዩ የአገር ውስጥ ነው፤ ሥራው ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል፤ ጭቃውም ቀርቷል። ነዋሪው ከወጪው ድርሻ እየከፈለ ሥራው ተካሄደ። ችግሩ የመጣው ከምረቃው በኋላ ነው። ቧንቧ ወይም ኬብል ለመቅበር የተነሣው ድንጋይ እንደነበረ ካልተመለሰ የክረምቱ ጎርፍ ሥሩን ይቦረቡራል፤ ከአንድ ድንጋይ የጀመረው መላውን ንጣፍ ያሰምጠዋል። ለንጣፉ መዋጮ ነበረ፤ ለእንክብካቤው ግን ዓመታዊ ገንዘብ አልተለየለትም። የ1967ቱ ታሪክ በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «መዋጮ የባለቤትነት ስሜት ይፈጥራል፤ ነዋሪው ያወጣበትን ይጠብቃል» ይሉኛል። እውነት አለው። እኔም ድንጋይ ያቀበልኩበትን ቦይ ዛሬም በፍቅር አስታውሰዋለሁ። ነገር ግን ክርክሩ ለሁሉም ሰፈር እኩል አይቀርብም። በዋናው አስፋልት ዳር የሚኖረው ባለ ፎቅ የባለቤትነት ስሜት እንዲያድርበት ተብሎ ለአስፋልቱ መዋጮ ሲጠየቅ አላየሁም። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ለሃምሳው ሰው ሁሉ ሲከፋፈል ነው።

ይህን ዛሬ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በልደታ ብዙ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸው ወደ ልዩ ልዩ የከተማይቱ ዳርቻ ሄደዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ዋና ዋና ጎዳናዎችን ሲያሰፋና ሲያስውብ እያየን ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። እንግዲህ አዲስ ገንዘብ ሊመጣ ነው። ታሪክ የሚሰጠን ምክር ቀላል ነው፤ ከሚሰበሰበው ምን ያህሉ ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ጥገና እንደሚውል በቁጥር ይጻፍ፤ ነዋሪውም ሒሳቡን በየዓመቱ ይመልከት። በቁጥር ያልተጻፈ ድጎማ ምን እንደሚሆን አይተነዋል።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። የቀበሌ መዋጮ ደብተሮች፣ የእድር ቃለ ጉባኤዎች፣ በየቤቱ ያሉ ደረሰኞች ቤት በፈረሰ ቁጥር አብረው ይጠፋሉ። የከተማይቱ ሌላኛው የበጀት ታሪክ የተጻፈው በእነሱ ላይ ነው። ከአያቶቻችሁና ከጎረቤቶቻችሁ ጠይቁ፤ ሰብስቡ፤ ቅዱ። የእናቴ የብስኩት ቆርቆሮ ዛሬም በእጄ ነው። ውስጡ ያለው ገንዘብ ተደምሮ ብዙ አይሆንም። መንገዱን ማን ሲያስተዳድረው እንደኖረ ግን ከብዙ የመንግሥት ሪፖርት ይበልጥ ይናገራል።