ከጠመኔ እስከ ቴሌግራም፦ ማን አየው? ማን ሰማው?

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ ታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ የዓይን ሐኪም መሆኔን የረሱ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ ከሙያዬ የራቀ አይደለም። የመማሪያ ክፍል ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው የገባው ዕቃ ነው፤ ይህን ያህል ኮምፒውተር፣ ይህን ያህል ፕሮጀክተር ይባላል። ዕቃው ከገባ በኋላ ማን አየው፣ ማን ሰማው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኛ የተማርነው በጠመኔ፣ በኦቨርሄድ ፕሮጀክተርና በ35 ሚሊ ሜትር ስላይድ ነው። ፓወርፖይንት የደረሰልን ወደ መጨረሻው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ ሂናሪን ሲከፍት፣ እንደኛ ባሉ አገሮች ያሉ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን ያለ ክፍያ የሚያነቡበት በር ተከፈተ። ትልቅ ነገር ነበር። በሩ ጋ ለመድረስ ግን ኮምፒውተር ላይ ተራ መያዝ ነበረብን፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ መብራት ይሄዳል።

ከዚያ ዘመን ዛሬም የሚከነክነኝ የቀለም ነገር ነው። የቲቢ ባክቴሪያ በሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ግራም ፖዘቲቩ ሐምራዊ፣ ኔጋቲቩ ሮዝ ነው። ቀይና አረንጓዴን በደንብ የማይለይ የዓይን አፈጣጠር በዘር የሚወረስና በአብዛኛው ወንዶችን የሚያጠቃ ነው፤ ከአውሮፓ ዝርያ ወንዶች መካከል ከመቶ 8 ያህሉ ላይ ይገኛል፣ በአፍሪካ ከዚያ ያንሳል። ያነሰም ቢሆን ብዙ ወንዶች ባሉበት ባች ውስጥ አንድ ሁለት ተማሪ አይጠፋም። ኢሺሃራ መመርመሪያውን ያሳተመው በ1917 ነበር፤ እኛም ለታካሚ እንዴት እንደሚያሳዩት ተምረናል። በቀይ ሌዘር ቀይ ነገር ሲጠቆምለት ምንም ያልታየው የክፍል ጓደኛችን ግን ሰነፍ ተባለ።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። እኛ አልፈነው ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ግን ያንኑ ጊዜ 9ኛ ክፍል ገባ። ዛሬ ከመካከላችሁ የሚያስተምሩት ወጣት መምህራን ብዙዎቹ የፕላዝማ ልጆች ናቸው፣ እኔ ከምነግራችሁ በላይ ያውቁታል። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በተቆረጠ ሰዓት ይተላለፋል። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ መሐሉ የስክሪኑ ነው። ፍትሐዊ ልሁንና፣ ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ ያየ ልጅ በእርግጥ ተጠቅሟል። ሐሳቡም ቅን ነበር፦ አዲስ አበባ ያለውም ገጠር ያለውም ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኝ።

ችግሩ ስክሪኑ «ቆይ፣ አልገባኝም» የሚባል አለመሆኑ ነው። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። መብራት ከሄደ ያ ክፍለ ጊዜ ሄደ። ዓይነ ስውሩ ተማሪ «ይህን ሥዕል ተመልከቱ» ሲባል ይሰማል፣ ሥዕሉን የሚነግረው የለም። መስማት የተሳነው ደግሞ አስተርጓሚ ቢያገኝ እንኳ አንድ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ፣ አንድ ዓይኑን የአስተርጓሚው እጅ ላይ ማድረግ አለበት፤ ዓይን ግን እንዲያ አይሠራም። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የመጀመሪያ መነጽሩን እኔ ያዘዝኩለት አንድ ወጣት ፕላዝማው ለሁሉም ሰው የሚደበዝዝ ይመስለው እንደነበር ነግሮኛል። አራት ዓመት ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጆሮው ተማረ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ያልተነገረለት ታሪክ የፊደላችን ነው። ብዙዎቻችን አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ የጀመርነው የግዕዝ ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በተሳለባቸው ፎንቶች ነበር። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተዘበራረቀ ላቲንና ምልክት ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው የሚመጣውን ጉድ ያላየ የለም! የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በአውሮፓውያን 1999 ነው። ለእኛ ይህ ምቾት ነበር፤ ለዓይነ ስውራን ግን ከዚያ በላይ ነው። ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራም፣ «ሀ»ን «ሀ» ብሎ ሊያነብ የሚችለው ኮምፒውተሩ ፊደሉን «ሀ» ብሎ ካወቀው ብቻ ነው። በ2006 ኤንቪዲኤ የተባለው ነጻ ስክሪን ሪደር ወጣ። ኢስፒክ የሚባለው የድምፅ ፕሮግራምም አማርኛ ማንበብ ቻለ፤ ድምፁ እንደ ሮቦት ነው፣ ግን ያነባል።

ሕጉም ወደኋላ አልቀረም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የማራካሽ ስምምነትንም በአውሮፓውያን 2020 ተቀላቅላለች፤ እሱም መጻሕፍትን ማየት ለተሳናቸው በሚነበብ መልክ ለማዘጋጀት የባለመብቱን ፈቃድ መጠየቅ እንዳያስፈልግ የሚያደርግ ነው።

በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ሁላችንም ወደ ስልካችን ዞርን። የመማሪያ ክፍሉ ቴሌግራም ሆነ፣ እስካሁንም በከፊል እዚያው ነው። እንደ ፕላዝማ ሳይሆን ይቆማል፣ ይደገማል፣ መብራት ሲመጣ ይታያል። ከፕላዝማ ጋር ሳወዳድረው እኔ ቴሌግራሙን እመርጣለሁ። ግን ምን እናደርጋለን? ሃንድአውቱን በስልክ ፎቶ አንስተን እንልካለን። ፎቶ ደግሞ ለስክሪን ሪደር ባዶ ወረቀት ነው። ከ1999 በፊት ወደነበርንበት በራሳችን እጅ ተመለስን ማለት ነው፤ ያውም ዩኒኮድ ኪሳችን ውስጥ እያለ።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የኛ ባች ለዘንድሮው መገናኘት የድሮ የሌክቸር ማስታወሻዎቻችንን ሰብስቦ በዲጂታል መልክ ለኮሌጁ ሊያበረክት ወስኗል። እስካሁን የመጡት ፋይሎች ሁሉ ስካን የተደረጉ ፎቶዎች ናቸው። ለማረጋገጥ ቀላል ነው፦ ፋይሉን ክፈቱና አንድ ቃል በጣታችሁ ተጭናችሁ ለመምረጥ ሞክሩ። ቃሉ ካልተመረጠ ስክሪን ሪደሩም አያነበውም። ኮሚቴው ቢስማማ ማስታወሻዎቹ ከመበርከታቸው በፊት ቢተየቡ፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ምን እንደሚያሳይ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ፣ ቀስትና ቁጥር ባለበትም ቀለም ብቻ ምልክት ባይሆን እላለሁ። የዓይን ክፍሉን እኔ ጀምሬዋለሁ፤ ግላኮማ ላይ ደርሻለሁ። የውስጥ ደዌው ማስታወሻ በጣም ረጅም ስለሆነ ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልጋል።