ዓድዋ የሚለው ስም የት የት ደረሰ?

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት ጊዜ ለሚታተመው መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ እኛ የታሪክ ክበብ አባላት ስለ ዓድዋ ጦርነት ለመጻፍ አሰብን። ዳሩ ግን የጦርነቱን ነገር ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ያልተማረ ስለሌለ አንባቢን ማሰልቸት እንዳይሆንብን ፈራን። ስለዚህ ውጊያውን ትተን ስሙን ተከትለን ለመሄድ ቆረጥን። ዓድዋ አንዲት ከተማ ናት፤ በስሟ የተጠሩት ነገሮች ግን ከሀገር ወጥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ እንዲያውም ባሕር ውስጥ ሰጥመው አገኘናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የስሙ ባለቤት የሆነችውን ከተማ እናስታውስ። ዓድዋ በትግራይ፣ ከአክሱም በስተ ምሥራቅ፣ በሶሎዳ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚወስደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ያልፍባት ስለ ነበር ትልቅ የገበያ ስፍራ ነበረች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው ውጊያ ግን የተካሄደው ከከተማይቱ ውስጥ አይደለም፤ ከእርሷ በስተ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች፣ በአባ ገሪማና በኪዳነ ምሕረት አካባቢ ነው። እንግዲህ ስሟን የተዋሰው የመጀመሪያው ነገር ጦርነቱ ራሱ ነው ማለት ይቻላል።

እኛ ወሎዬዎችም በዚህ ስም ውስጥ ድርሻ አለን። ለጠቡ ምክንያት የሆነው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው በዚሁ በወሎ፣ በውጫሌ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበርና ጣጣው ከዚያ ተነሣ። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ሠራዊታቸውን ያከማቹትም በወረኢሉ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን ያቀናው ጦር የአሸንጌን ሐይቅ እያየ አልፏል። አሸንጌን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በሀገራችን ውስጥ በዓድዋ ስም የተጠሩትን ለመቁጠር አንደክምም። አዲስ አበባ ውስጥ የዓድዋ ድልድይ አለ፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ ትልቁ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። ኃይሌ ገሪማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ያወጣው ፊልም፣ እጅጋየሁ ሽባባው የዘፈነችው ዘፈንም ስማቸው ይኸው ነው። ድል ያደረገ ሕዝብ የድሉን ስም ለልጁም ለድልድዩም ቢሰጥ የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

እኛን ያስደነቀን የተሸነፈው ወገን ስሙን ማብዛቱ ነው። በብዙ የኢጣልያ ከተሞች የዓድዋ መንገድ የሚባል መንገድ ይገኛል፤ አዱዋ ተብለው የተጠሩ የኢጣልያ ሴቶችም አሉ። የታወቀው ዘፋኝ የሉቺያኖ ፓቫሮቲ የመጀመሪያ ሚስት ስም አዱዋ ነበር። (በሰሜን ኢጣልያ ያለው የአዳ ወንዝም በጥንቱ ላቲን አዱዋ ይባል ነበር፤ ይህ ግን የድምፅ መገጣጠም እንጂ ከእኛይቱ ከተማ ጋር ዝምድና የለውም። ከክበባችን አንዱ ዝምድና አለው ብሎ ግማሽ ቀን ተከራክሮናል።) የኢጣልያ ጦር መስከረም 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓድዋን በያዘ ጊዜ ፋሺስቶቹ የ40 ዓመቱን ቂም ተወጣን ብለው ደስታቸውን አሰሙ። የሽንፈታቸውን ስም የድል ስም ለማድረግ ፈለጉ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ነው የኢጣልያ ባሕር ኃይል በዚያን ጊዜ ላሠራቸው 17 ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ከያዛቸው አገሮች ስም እየመረጠ ያወጣላቸው። የመጀመሪያይቱ «ዓድዋ» ተባለች፤ ሌሎቹም በእርሷ ስም «የዓድዋ መደብ» ተብለው ይጠራሉ። ከእነርሱ ውስጥ «አክሱም»፣ «መቀሌ»፣ «ሽሬ»፣ «ተንቤን»፣ «ጎንደር»፣ «ነጌሌ»፣ «ደሴ»፣ «አላጄ» የሚባሉ ነበሩ። «አሸንጌ» የምትባልም ነበረች።

ይህን ባነበብን ጊዜ ክበባችን ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቻችን፣ ጠላት በጉልበት የወሰደውን ስም የእኛ ብለን ልንቆጥረው አይገባም፤ ይልቁንም ልንረሳው ይገባል አሉ። አነጋገራቸው ከንቱ አይደለም። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ያፈገፈገው ሠራዊት በመጋቢት መጨረሻ 1928 ዓ.ም. በአሸንጌ ሐይቅ ዳር በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ተፈጅቷል። ያ ሐይቅ ደግሞ ከእኛ ከዋጃ ሩቅ አይደለም፤ አላማጣን አልፎ ግራካሱን የወጣ ሰው ኮረምን ተሻግሮ ያገኘዋል። በዚያ ያለቁት ሰዎች ወገኖቻችን ናቸው። የገዳዮቹ መርከብ ያን ስም ተሸክማ መሄዷ ያንገበግባል።

ሌሎቻችን ግን የመርከቦቹን መጨረሻ ሳናይ አንፍረድ አልን። ስለዚህ ፈለግን፤ ያገኘነውም ይህ ነው።

«መቀሌ» ኢጣልያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች በአምስተኛው ቀን፣ ሰኔ 8 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ በቀይ ባሕር ደሴት ላይ ተጋጭታ ጠፋች። ከማቀዝቀዣው የወጣ መርዘኛ ጋዝ መርከበኞቿን አሳምሟቸው ነበር ይባላል። በአሸንጌ መርዝ ከተረጨ ገና አራት ዓመቱ ነበር። «ጎንደር» መስከረም 20 ቀን 1933 ዓ.ም. በግብፅ ባሕር ሰጠመች። ስመ ገናናይቱ «ዓድዋ» ደግሞ ልክ በዓመቱ፣ መስከረም 20 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በምዕራብ ሜዲቴራኒያን ከነመርከበኞቿ በእንግሊዝ የጦር መርከቦች ተመትታ ሰጠመች። በዚያን ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከገቡ አምስት ወር ገደማ ሆኖ ነበር፤ ዓድዋም የኢጣልያ መሆኗ ቀርቶ ነበር። «ደሴ» በኅዳር 1935 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ ዳርቻ፣ «አሸንጌ» በሐምሌ 1935 ዓ.ም. በሲሲሊያ አጠገብ ጠፉ።

እውነትን ላለመደበቅ፣ ሁሉም ያለ ሥራ አልጠፉም። «ሽሬ» በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. እስከ እስክንድርያ ወደብ ደጃፍ ያደረሰቻቸው ጠላቂዎች ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን ጎድተዋል። «አክሱም» ነሐሴ 6 ቀን 1934 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ በተኮሰቻቸው አራት ቶርፔዶዎች ሦስት መርከቦችን መትታለች፤ ከእነርሱም አንዷ ለማልታ ነዳጅ የምትወስደው «ኦሃዮ» ነበረች። ባሕር ኃይሎች እስከ ዛሬ የሚያነሡት ሥራ ነው።

ከ17ቱ ጦርነቱን አልፋ የቀረችው ግን አንዲት ብቻ ናት፤ እርሷም «አላጄ»። በዚህ ጊዜ ክበባችን ሳይወድ ሳቀ። አምባ አላጄ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የሻለቃ ቶዜሊ ጦር የተደመሰሰበት፣ ከዓድዋ በፊት የመጀመሪያው ትልቅ ድል የተገኘበት ተራራ ነው። በግንቦት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣልያ እንደራሴ የነበረው የአኦስታ መስፍን እጁን የሰጠው በዚያው በአምባ አላጄ ነው። ሁለት ጊዜ የተዋረዱበትን ቦታ ስም የያዘችው መርከብ ብቻዋን ተረፈች። እርሷም ብትሆን በሰኔ 1934 ዓ.ም. የራሷን ወገን የኢጣልያ የጦር መርከብ «ኡዞዲማሬ»ን የጠላት መስሏት አስጥማለች።

ስሙ በኢጣልያ አፍ የቀረው ግን በመርከብና በመንገድ ብቻ አይደለም። ትውልዷ ከሶማሊያ የሆነ፣ በሮም የተወለደች ኢጅያባ ሼጎ የምትባል ደራሲት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. «አዱዋ» የሚል ልብ ወለድ በጣልያንኛ አሳትማለች። የታሪኩ ባለቤት ሴት ናት፤ አባቷ ይህን ስም ያወጣላት ለአፍሪካ ድል መታሰቢያ ብሎ ነው። በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው አገር፣ ስሙ ወደ ቀድሞ ትርጉሙ ተመለሰ።

ክርክራችን እስካሁን አልተቋጨም። አሁን ግን በክፍላችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የዓለም ካርታ፣ ከሲሲሊያ ደሴት አጠገብ፣ አንዱ ጓደኛችን በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አድርጎ «አሸንጌ» ብሎ ጽፎበታል። መምህራችን አይተው እንዲጠፋ አላዘዙም። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ትክክለኛውን አሸንጌ፣ ከኮረም በላይ ያለውን፣ በሰማያዊ ቀለም አድምቆታል።