የባዶ ቀለህ ዋጋ፦ የሽጉጥ ጥይትን በእጅ መሙላት ያዋጣልን?

አንድ ጥይት በተተኮሰ ጊዜ ከአራት ክፍሎቹ ሦስቱ ይጠፋሉ። ባሩዱ ነዶ ጢስና አየር ይሆናል፤ አረሩ በአፈሙዝ ወጥቶ ይሄዳል፤ በቀለሁ ቂጥ ላይ የተወሸቀችው ካፕሱል፣ ማለትም የመጀመሪያውን እሳት የምትጭረው ትንሽ ቆብ፣ በመርፌው ተመትታ ዳግመኛ የማታገለግል ትሆናለች። አራተኛው ክፍል፣ ከናስ የተሠራው ቀለህ፣ ግን ጥቂት ከመለጠጡ በቀር ደኅና ሆኖ ይቀራል። የሚያስገርመውም ከአራቱ ክፍሎች ለመሥራት ብዙ ድካም የሚጠይቀውና አብዛኛውን ጊዜም በዋጋ የሚበልጠው ይኸው ሳይጠፋ የሚቀረው መሆኑ ነው።

ባዶውን ቀለህ ከመጣል ይልቅ አዲስ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር ሰጥቶ እንደገና መሙላት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ነው። ጥያቄው በተለይ በአሜሪካ የሽጉጥ ተኳሾች ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። አንዱ ወገን ወጪን እጅግ ይቀንሳል ሲል፣ ሌላው ጊዜና ገንዘብ ማባከኛ ነው ይላል። ሁለቱም ወገኖች እንደየዘመኑ ትክክል የሆኑበት ወቅት ስላለ፣ ፍርድ ከመስጠት በፊት ታሪኩን መመልከት ያሻል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መሠረት የተጣለው በ1860ዎቹ ነው። በ1866 ገደማ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በሌላው ሥራ ሳይመሩ፣ በቀለህ ቂጥ መካከል የምትቀመጥ ካፕሱል ፈለሰፉ። የመጀመሪያው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የአልሞ ተኳሾች አዛዥ የነበረው ሂራም በርዳን ሲሆን፣ ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር በዉልዊች የመንግሥት የጥይት ሥራ ኃላፊ የነበረው ኮሎኔል ኤድዋርድ ቦክሰር ነው። በርዳን ካፕሱሏ የምትመታበትን መስፍ ከቀለሁ ጋር አንድ አድርጎ ሠራና እሳቱ የሚያልፍባቸውን ጠባብ ቀዳዳዎች ከጎንና ከጎኑ አበጀ። ቦክሰር ደግሞ መስፉን በካፕሱሏ ውስጥ አስገብቶ በቀለሁ መካከል አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተወ። ልዩነቱ ጥቃቅን ቢመስልም ውጤቱ ታላቅ ነበር። የቦክሰር ቀለህ በአፉ በኩል አንድ ቀጭን ዘንግ ቢገባበት ያለቀችው ካፕሱል ተገፍታ ትወጣለች፤ የበርዳን ቀለህ ግን መካከሉ በመስፍ የተዘጋ ስለሆነ አሮጌዋን ካፕሱል ለማውጣት ልዩ መሣሪያና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። የኋላ ኋላ የእንግሊዛዊው ፈጠራ የአሜሪካ፣ የአሜሪካዊው ፈጠራ ደግሞ የአብዛኛው የአውሮፓ ልማድ ሆኖ ቀረ። ቀለህን በቤት መሙላት በአሜሪካ ሲስፋፋ በአውሮፓ እምብዛም ያልሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የአሜሪካ ጦር ራሱ ይህን ጥቅም የተረዳው ዘግይቶ ነበር። በ1873 ጦሩ የስፕሪንግፊልድን ጠመንጃና የኮልትን ሪቮልቨር ሲይዝ፣ የሚታደለው ጥይት ካፕሱሉ በውስጥ የተደፈነበት፣ ከመዳብ የተሠራና አንዴ ከተተኮሰ በኋላ የማይሞላ ነበር። የምክር ቤቱ በጀት ጠባብ ስለነበረ ለወታደሩ ልምምድ የሚሰጠው ጥይት እጅግ ጥቂት ነበር። ፈረሰኛው ሽጉጡን ታጥቆ ይዞር እንደሆነ ነው እንጂ ተኩሶበት እጁን የሚያፍታታበት ዕድል አልነበረውም ለማለት ይቻላል። በ1876 የጄኔራል ከስተር ክፍል በሊትል ቢግሆርን ከተደመሰሰ በኋላ የወታደሩ የተኩስ ችሎታ ማነስ በይበልጥ መነጋገሪያ ሆነ። በ1880ዎቹ መጀመሪያም ጦሩ እንደገና ወደሚሞላው ቀለህ ተሻገረ፤ ለየሻምበሉም የመሙያ መሣሪያ ታደለ። ወታደሩ ተኩሶ የጣለውን ቀለህ እየለቀመ፣ እያጠበና እየሞላ መልሶ ይተኩስ ጀመር። እዚህ ላይ መስተዋል ያለበት፣ መንግሥት የፈለገው ወጪን መቀነስ ብቻ ሳይሆን በዚያው ወጪ ብዙ ማስተኮስ መሆኑ ነው።

በምዕራብ አሜሪካ ለሰፈረው ገበሬና ከብት አርቢ ደግሞ ነገሩ የርቀት ጉዳይ ነበር። የጥይት ፋብሪካዎቹ በምሥራቅ ሆነው ተጠቃሚው ከባቡር ጣቢያ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ይኖራል። ከባለ ሱቅ የሚገዛው ሙሉ ጥይት ውድ ከመሆኑም በላይ ሁልጊዜ አይገኝም። በ1884 ጆን ባርሎ አይዲያል በተባለው ድርጅቱ አማካይነት ለገበያ ያቀረበው መሣሪያ መልኩ እንደ ጉጠት ያለ፣ በኮርቻ ከረጢት የሚያዝ፣ አሮጌ ካፕሱል የሚያወጣ፣ አዲስ የሚከትና አረሩን ከቀለሁ ጋር የሚያጣብቅ ነበር። እርሳሱም በምድጃ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ይፈስ ነበር። በተለይም ከ1878 ጀምሮ የኮልት ሽጉጥ ከ1873ቱ ዊንቸስተር ጠመንጃ ጋር አንድ ዓይነት ጥይት እንዲጎርስ ተደርጎ በመሠራቱ፣ አንድ መሙያ መሣሪያ ለሁለት መሣሪያ ይበቃ ጀመር። በዚህ ዘመን ጥያቄው መልስ አላጣም፤ ፋብሪካው ሩቅ፣ ጉልበት ግን ርካሽ ስለነበር ያዋጣ ነበር።

ተመሳሳይ ሁኔታ በዚያው ዘመን በኢትዮጵያም ይታይ ነበር። ፈረንሳይ በ1874 የያዘችውን የግራ ጠመንጃ በ1886 በለበን ስትተካ፣ አሮጌው መሣሪያ በቀይ ባሕር ጠረፍ በኩል በብዛት ወደ አገራችን ገብቶ ውጅግራ ተባለ። ጥይቱ በየገበያው ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል እንደነበር የታወቀ ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ባዶው ቀለህም የሚጣል ዕቃ አልነበረም። በአገር ውስጥ የተቀመመ ባሩድና በአገር እጅ የፈሰሰ እርሳስ ለቀለሁ ሁለተኛ ሕይወት ሊሰጡት ይችሉ ነበር። ይሁንና ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም ካፕሱል ነው። የኢትዮጵያው ነፍጠኛም ሆነ የአሜሪካው ገበሬ ባሩዱንና እርሳሱን በአቅራቢያው ቢያገኝም፣ ያቺን ትንሽ ቆብ ለማግኘት የፋብሪካ ጥገኛ መሆኑ አልቀረለትም።

በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጭስ አልባውን ባሩድ ከፈለሰፈ በኋላ ሂሳቡም አደጋውም ተለወጠ። ጥቁሩ ባሩድ ቀለሁን እስከ አፉ ድረስ ስለሚሞላው ማንም ሰው ቢሳሳት ከልክ በላይ ለመጨመር ቦታ አያገኝም ነበር። አዲሱ ባሩድ ግን ጉልበቱ ብዙ፣ መጠኑ ትንሽ ነው። ለሽጉጥ ተብሎ በ1898 የወጣው ቡልዝአይ የተባለው ባሩድ ከቀለሁ ውስጥ የሚይዘው ከፊሉን ብቻ ነበር። በመሆኑም ሐሳቡ የተበተነ ሰው በአንድ ቀለህ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢጨምር እንኳ ዓይኑ ላያስተውለው ይችላል። እንዲህ ያለ ጥይት ሲተኮስ የሽጉጡን ጎተራ ሊያፈነዳ፣ የተኳሹን እጅና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ከዚህ ወዲህ የሚዛን ትክክለኛነት፣ የታተመ የመጠን ሠንጠረዥና ጥንቃቄ የሙያው ግዴታዎች ሆኑ። የወጪውን ሂሳብ የሚያሰላ ሰው ይህንንም ሊዘነጋው አይገባም፤ በአንድ ስህተት የሚጠፋ ሽጉጥ የብዙ ዓመት ቁጠባን ይዞ ይሄዳልና።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካው ወደ ሁሉም ደጅ ሲቀርብ፣ በእጅ መሙላት ይቀራል ተብሎ ሊገመት ይችል ነበር። አልቀረም። አንደኛው ምክንያት ልምምድ ነው። የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ለፖሊሶቻቸው ማሠልጠኛ በ10 ሺሕ የሚቆጠር ጥይት ስለሚያስፈልጋቸው፣ በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ይሠራ የነበረውን ስታር የተባለ መሙያ መኪና የመሳሰሉትን ተጠቀሙ። በዚህ መኪና እጀታው አንድ ጊዜ በተሳበ ቁጥር አንድ ያለቀ ጥይት ይወጣል። ሁለተኛው ምክንያት ፋብሪካው የማይሠራውን መሥራት ነው። የአይዳሆው ከብት አርቢ ኤልመር ኪት ለ44 ስፔሻል ሽጉጥ ከገበያው የበለጠ ኃይል ያለው ጥይት በራሱ እየሞላ ለብዙ ዓመታት ሲሞክርና ሲጽፍ ቆየ። ውትወታው ፍሬ አፍርቶ በ1955 ስሚዝ ኤንድ ዌሰንና ሬሚንግተን 44 ማግነምን አወጡ። ፋብሪካው ከቤት ሠሪው የተማረበት ምሳሌ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንመለስ። አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ገደማ፣ 7,000 ግሬይን ነው። ለሂሳቡ ምሳሌ ብቻ አንድ የሽጉጥ ጥይት 4 ግሬይን ባሩድ ይወስዳል ቢባል፣ አንድ ፓውንድ ባሩድ ለ1,750 ጥይት ይበቃል። ለ38 ስፔሻል የተለመደው አረር 158 ግሬይን ስለሚመዝን፣ ለእነዚሁ 1,750 ጥይቶች 18 ኪሎ ግራም ያህል እርሳስ ያስፈልጋል። ካፕሱል ለእያንዳንዱ አንድ ነውና 1,750 ነው። ቀለሁ ግን እያንዳንዱ 10 ጊዜ ቢሞላ 175 ብቻ ይበቃል። ከዚህ እንደሚታየው ባሩዱ ኢምንት ነው፤ እርሳሱን ራሱ የሚያቀልጥ ሰው ወጪውን ሊቀንሰው ይችላል፤ ዋናው ቁጠባ ግን ያለው ቀለሁ ተመላልሶ በማገልገሉ ነው። ቀለሁን ያልሰበሰበ ሰው ያተረፈው ጥቂት ነው።

ስለዚህም መልሱ እንደ ሽጉጡ ዓይነት ይለያያል። በሪቮልቨር የተተኮሰ ቀለህ በጎተራው ውስጥ ስለሚቀር በእጅ ይለቀማል፤ ባለ ካርታው ሽጉጥ ግን ቀለሁን ወደ ሣሩ ይተፋዋል፤ ከፊሉም ጠፍቶ ይቀራል። ከ1902 ጀምሮ የታወቀውን 9 ሚሊ ሜትር ጥይት የብዙ አገር ጦርና ፖሊስ ስለሚጠቀምበት ፋብሪካዎች እጅግ በብዛት ያመርቱታል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ስለሚሆን በእጅ ሲሞላ የሚገኘው ቁጠባ ጠባብ ነው። እንደ 44 ማግነም ያለው፣ በጥቂቱ የሚመረትና ውድ የሆነው ግን ለመሣሪያው የወጣውን ገንዘብ ቶሎ ይመልሳል።

ይሁን እንጂ በዚህ ሂሳብ የማይጻፍ ዓምድ አለ። መጭመቂያው፣ ሚዛኑና ቅርጽ ማውጫው የሚገዙት አንደኛው ጥይት ከመሞላቱ በፊት ነው። በነጠላ መጭመቂያ የሚሠራ ሰው በሰዓት ከ50 እስከ 100 ጥይት ቢሞላ ነው፤ ጊዜውን በደመወዙ ልክ የሚያስብ ሰው ቁጠባው ሲተንበት ያያል። እርሳስ የሚያቀልጥም ክፍሉን ካላናፈሰና እጁን ካልታጠበ ጤናውን ይጎዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚሞላ ሰው አብዝቶ ይተኩሳል። በወሩ መጨረሻ ሲታይ የአንዱ ጥይት ዋጋ ቀንሶ፣ የወሩ ወጪ ግን እንደነበረ ወይም ጨምሮ ይገኛል። የ1880ዎቹ ጦር የፈለገውም ይህንኑ ስለነበር፣ እንደ ኪሳራ ሳይሆን እንደ ትርፍ ሊቆጠር ይገባል።

በራሱ የሚሞላ ሰው ከገበያ ነጻ ነው የሚለው እምነት ግን በ2020 ክፉኛ ተፈተነ። በወረርሽኙና በምርጫው ወቅት በአሜሪካ የጥይት ፍላጎት በድንገት ሲንር፣ ከመደርደሪያ ቀድመው ከጠፉት ዕቃዎች አንዱ ካፕሱል ነበር፤ የተገኘውም በብዙ እጥፍ ዋጋ ተሸጠ። በቤታቸው በሺሕ የሚቆጠር ቀለህ፣ በቂ ባሩድና እርሳስ የነበራቸው ሰዎች በካፕሱል እጦት መሣሪያቸውን አስቀመጡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲያከማቹ የነበሩት ብቻ ሥራቸውን ቀጠሉ። የውጅግራ ባለቤት በዘመኑ የሚያውቀው ችግር በበለጸገችው አገር ተደገመ።

እንግዲህ ጥያቄው ስለ ገንዘብ ብቻ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው። ጥቂት ለሚተኩስ፣ በገበያ የረከሰውን ጥይት ለሚጠቀምና ጊዜው ውድ ለሆነ ሰው አያዋጣም። ብዙ ለሚለማመድ፣ ውድ ወይም ብርቅ የሆነ ጥይት ለሚያሻው፣ ቀለሁንም በጥንቃቄ ለሚሰበስብ ሰው ያዋጣል። ያም ሆኖ የታሪኩ ትምህርት ከዚህ ያልፋል። ቁጠባው በቀለሁ፣ ጥገኝነቱ በካፕሱሉ፣ ጥቅሙም በተኳሹ እጅ ላይ እንደነበረ የ150 ዓመት ልምድ ያሳያል። ሂሳቡን የሚሠራ ሰው ወረቀቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ጥይቱ ስንት እንደሚያወጣ ከማስላቱ አስቀድሞ በዓመት ስንት እንደሚተኩስና የካፕሱል ክምችቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃው ቢጽፍ፣ መልሱን ከሌላ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም።