«ግሪን ሕንፃ» ሲሏችሁ ወረቀቱን ጠይቁ፦ ሰርተፍኬቱ እንዴት ይገኛል? ምን ሰነድ ይፈልጋል?

የአፓርትማ ማስታወቂያ ላይ «ግሪን» የምትለዋ ቃል በዝታለች። አንዱ ጋ ግሪን ማለት ግቢው ውስጥ ሣር ተተክሏል ማለት ነው። ሌላው ጋ ጣሪያው ላይ ሁለት ሶላር ተቀምጧል ማለት ነው። ሦስተኛው ጋ ደግሞ የፊት ለፊቱ ቀለም አረንጓዴ ነው (አትሳቁ፣ አይተናል)። በዚህች ቃል ምክንያት በካሬ ዋጋ የሚጨመርበት ሰው ግን ምን እንደገዛ ማወቅ አለበት። ገንዘቡ የስንት ዓመት ቁጠባ ነውና።

ይህን ያዘጋጀነው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ ቤት ለሚገዛ፣ እና ሳይት ላይ ለሚውል ወጣት መሐንዲስ ወይም ፎርማን። ለምሳሌ እንዲሆነን ዘነበወርቅ ላይ፣ ከአለርት ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ የሚሠራ ባለ 7 ፎቅ አፓርትማ እናስብ። ሕንፃውን የፈጠርነው እኛ ነን፤ ሕጉና መስፈርቱ ግን የእውነት ነው።

▪️ የግንባታ ፈቃድ የግሪን ሰርተፍኬት አይደለም

መጀመሪያ ይህን እንለይ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። በዚያ አዋጅ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሁሉ ምድብ «ሐ» ነበር፤ በዚያ አከፋፈል የእኛ አፓርትማም እዚያው ይገባል። የፕላን ስምምነት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ሲያልቅ የመጠቀሚያ ፈቃድ ይፈልጋል። እነዚህን የሚሰጠው የመንግሥት አካል ነው፤ ግዴታም ናቸው። ዋናው ጥያቄያቸው ሕንፃው ይቆማል ወይ፣ ለሰው ደኅንነት ያሰጋል ወይ የሚል ነው።

የግሪን ሰርተፍኬት በፈቃደኝነት የሚገባበት ሌላ ነገር ነው። ሕንፃው ምን ያህል መብራትና ውሃ ይቆጥባል፣ ዕቃው ከየት መጣ፣ ፍርስራሹ የት ተጣለ ብሎ ይጠይቃል። ሻጭ የግንባታ ፈቃድ አውጥቶ «ይኸው፣ አካባቢን የጠበቀ መሆኑ በመንግሥት ተረጋግጧል» ቢላችሁ ሁለቱን ቀላቅሏል ማለት ነው።

▪️ የትኛው ሰርተፍኬት?

በዓለም ላይ ብዙ አሉ። እዚህ ስማቸውን የምትሰሙት በዋናነት ሁለቱን ነው።

ሊድ የአሜሪካ አረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት ያወጣው ነው። የነጥብ ጨዋታ ነው፦ ከ110 ነጥብ 40 ያመጣ ሰርቲፋይድ፣ 50 ሲልቨር፣ 60 ጎልድ፣ 80 ፕላቲነም ይባላል። ነጥብ መቁጠር ከመጀመሩ በፊት ግን የማይታለፉ ቅድመ ግዴታዎች አሉ፤ በ4ኛው ሥሪት ለአዲስ ሕንፃ 12 ናቸው። አንዷ ከጎደለች 90 ነጥብ ቢኖራችሁም ዋጋ የለውም። ሚያዝያ 2017 ላይ 5ኛው ሥሪት ስለወጣ አንድ ፕሮጀክት በየትኛው እንደተመዘገበ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኤጅ ደግሞ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ለታዳጊ አገሮች ብሎ የሠራው ነው። እሱ ነጥብ አይቆጥርም። በአካባቢው ከተለመደው ሕንፃ ጋር ሲነጻጸር በመብራት 20 በመቶ፣ በውሃ 20 በመቶ፣ በግንባታ ዕቃው ምርት ላይ በሚወጣው ኃይል ወይም ካርቦን 20 በመቶ ቆጥብ ይላል። ሦስቱንም ነው፤ በአንዱ 50 አምጥቶ በሌላው 10 አይሆንም። ሶፍትዌሩ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ስለሚገኝ ማንም ገብቶ ሕንፃውን መሞከር ይችላል።

ለእኛው ባለ 7 ፎቅ ምረጡ ብንባል ኤጅን እንመርጣለን። ሊድ ለኤምባሲ፣ ለትልቅ ቢሮ፣ ለውጭ ገዢ ለሚያመርት ፋብሪካ ይሆናል፤ የወረቀቱ ብዛት ግን አንድን መካከለኛ አፓርትማ ያደክማል። የሁለቱም ክፍያ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ስለዚህ የወቅቱን ዋጋ ከራሳቸው ድረ ገጽ ሳታዩ በጀት አትሥሩ።

▪️ አዲስ አበባ ግማሽ መንገድ ወስዳናለች

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። መስኮቱ በልኩ የሆነ፣ ጥላ ያለው፣ በሁለት በኩል አየር የሚያስገባ ቤት ኤሲ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች በመስታወት ስታለብሱት ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ታፍናላችሁ፣ ከዚያ ኤሲ ትገዛላችሁ፣ ከዚያ መብራት ሲጠፋ ለኤሲው ብላችሁ ጄኔሬተር ታስነሳላችሁ። በእኛ እይታ በመስታወት የተለበጠ ሕንፃ ላይ «ግሪን» ብሎ መለጠፍ ብዙ ማብራሪያ የሚጠይቅ ነገር ነው። ኤጅም ከመጀመሪያ ከሚጠይቃቸው አንዱ መስኮት ከግድግዳው ስንት እጅ ነው የሚለው ነው።

በምዕራብ አዲስ አበባ ያለውን የኔዘርላንድስ ኤምባሲ የሚያውቅ ይኖራል። ግድግዳው የግቢውን ቀይ አፈር መሰለ፣ ጣሪያው ላይ የዝናብ ውሃ ይተኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካን የኪነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል።

ውሃም ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሊድ የሽንት ቤት መነሻ አድርጎ የሚወስደው በአንድ ማፍሰስ 6 ሊትር ነው። ባለ ሁለት ቁልፍ፣ ማለትም 6 እና 3 ሊትር የሆነውን ከገጠማችሁ፣ አንድ ሙሉና ሁለት ግማሽ ሲታሰብ አማካዩ 4 ሊትር ይሆናል። በሽንት ቤት ብቻ ሲሦውን ቆጠባችሁ ማለት ነው፤ ሊድ በግዴታ የሚፈልገው ደግሞ በጠቅላላ የቤት ውስጥ ውሃ 20 በመቶ ነው። ዝናቡንም ጨምሩበት። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊሜትር ዝናብ ታገኛለች። 300 ካሬ ጣሪያ ሲሦ ከማይሞላ ብክነት ጋር እንኳ ከ250 ሺህ ሊትር በላይ ይሰበስባል። ችግሩ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም መውረዱ ነው፤ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ በጥቂት ከባድ ዝናብ ሞልቶ ቀሪው ወደ ቱቦ ይሄዳል። ቢሆንም ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላ የሚገርም ነገር፦ ሊድ ከበር ቢያንስ 7.5 ሜትር ርቀት ድረስ ሲጋራ አይጨስ ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ 10 ሜትር ይላል። የእኛው ሕግ ይበልጣል።

▪️ ታዲያ ምን ያስቸግራል? ወረቀቱ!

ኦዲተሩ «ቆጥበናል» የሚል ቃል አይቀበልም። የሚፈልገው ሥዕሉን፣ የዕቃውን ካታሎግ፣ የግዢ ደረሰኝን፣ ቀኑ የሚታይ ፎቶን ነው። ግድግዳ ውስጥ የገባ ነገር ተለስኖ ካለቀ በኋላ ማንም አያምናችሁም። ለዚህ ነው ሰነድ የሚሰበሰበው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የምንለው።

ከተክለ ሃይማኖት ወይ ከመርካቶ ቧንቧና የሽንት ቤት ዕቃ ገዛችሁ እንበል። ስንት ሊትር እንደሚያፈስ የተጻፈው ካርቶኑ ላይ ነው፤ ካርቶኑ ደግሞ ሳይት ከደረሰ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሻይ ማፍያ ማገዶ ይሆናል። ስለዚህ ሳይከፈት ፎቶ አንሱት፦ ብራንዱ፣ የሞዴል ቁጥሩ፣ ሊትሩ። ደረሰኙ ላይም «የሽንት ቤት ዕቃ 40» ብቻ እንዳይጻፍ፤ ሞዴሉ ይግባበት።

ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና የተነሳበት ቀንና ቦታ መረጃ ይጠፋል። ኦዲተሩ የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር። ደረሰኛችን የሚጻፈው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። «12/03/2017» የሚል ደረሰኝ ለእኛ ኅዳር 12 ነው፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 2024። ውጭ አገር ያለው ገምጋሚ ግን ማርች 12 ወይም ዲሴምበር 3 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ዕቃው ግንባታው ከመጀመሩ ከሰባት ዓመት በፊት የተገዛ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ስካን ላይ የፈረንጁን ቀንና የዕቃውን ስም በእንግሊዝኛ ጻፉበት፤ ኦሪጅናሉን ግን አትንኩ።

▪️ ፍርስራሹ፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል

ዘነበወርቅን የመረጥነው በምክንያት ነው። ቆሼ ጎረቤቱ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ቀብሯል። በነሐሴ 2010 ደግሞ እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ ተመርቋል። ስለዚህ የግንባታ ፍርስራሽ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ለዚህ ሰፈር የወረቀት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ሊድ በ4ኛው ሥሪት የፍርስራሽ ዕቅድ ማውጣትን ግዴታ አድርጎታል። ነጥብ ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ ግማሹ ወደ መጣያ ሳይሄድ ሦስት ዓይነት ዕቃ ተለይቶ መወሰድ አለበት፤ ለተጨማሪ ነጥብ 75 በመቶና አራት ዓይነት። በሲኖትራክ የሚወጣው የቁፋሮ አፈር አይቆጠርም፤ እሱን ጨምሮ መቶኛውን ማሳበጥ አይቻልም። ጣቢያው ጋ ተልኮ መቃጠልም በቀጥታ አይቆጠርም፤ የአውሮፓን የማቃጠያ መስፈርት ማሟላቱ መረጋገጥ አለበት።

እንዲህ ሲባል ከባድ ይመስላል፣ ግን አንድ የአዲስ አበባ ሳይት እስቲ ልብ በሉ። ቁርጥራጭ ፌሮ ቁራሌው ይወስደዋል፣ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። አጠናው ለሚቀጥለው ሳይት ይሸጣል። የሲሚንቶ ከረጢቱን የሚፈልግ አለ። የተሰበረ ብሎኬት ለወለል ሙሌት ይገባል። አራቱም ዓይነት አሉን! የእኛ ሰው መልሶ መጠቀምን ማንም አላስተማረውም፤ ድሮም የሚሠራው ነው። የሌለን የተመዘነበትና የተፈረመበት ወረቀት ነው።

ቁራሌው ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ሳይቱ ራሱ አንድ ገጽ ቅጽ ያዘጋጅ፦ ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ ኪሎ፣ የሚሄድበት ቦታ፣ የተረካቢው ፊርማ፣ የጥበቃው ፊርማ። በር ላይ ሚዛን ይቀመጥ፤ ጭነቱ ሚዛን ላይ እያለ ፎቶ ይነሳ። የሰውየውን ፊት ማንሳት አያስፈልግም። በየወሩ ተደምሮ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ይግባ። ሥራው በቀን ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ሕንፃው ሲያልቅ ወደ ኋላ ተመልሶ መሥራት ግን ጭራሽ አይቻልም።

▪️ ለምን ይደከማል?

ምክንያቱ ብድር ነው። ናይሮቢ ላይ አኮርን የሚባለው ኩባንያ የተማሪ ማደሪያዎቹን በኤጅ መስፈርት እሠራለሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 4.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ አረንጓዴ ቦንድ ሸጧል፤ ቦንዱ በናይሮቢም በለንደንም ገበያ ተመዝግቧል። አበዳሪው የሚያምነው ማስታወቂያውን ሳይሆን ሦስተኛ ወገን ያየውን ሰነድ ነው። የእኛም የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ላይ ተጀምሯል።

ለሳይት ልጆች ደግሞ የሥራ ዕድል ነው። የሊድ ግሪን አሶሲዬት ፈተና የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ 100 ጥያቄ በ2 ሰዓት፣ ማለፊያው ከ200 170 ነው።

▪️ ለገዢ፦ ሻጩን እነዚህን ጠይቁት

«ሬጂስተርድ» ነው ወይስ «ሰርቲፋይድ»? የመጀመሪያው ከፍሎ ተመዝግቧል ማለት ብቻ ነው። ኤጅ ከሆነ ደግሞ የቅድሚያ ነው ወይስ የመጨረሻው? የቅድሚያው የሚሰጠው በሥዕሉ ነው፤ የመጨረሻው ኦዲተር ሕንፃውን ካየ በኋላ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ጥላና ቧንቧ መሃል ላይ «ለወጪ ቅነሳ» ተብሎ ሊቀር ይችላል።

የተሰጠው ለሕንፃው ነው ወይስ ለሰው? «የሊድ ባለሙያ አለን» ማለት ሕንፃው ሊድ አለው ማለት አይደለም። አይኤስኦ 14001ም የድርጅት አሠራር ሰርተፍኬት እንጂ የሕንፃ አይደለም።

የፕሮጀክቱን ስም ተቀብላችሁ እዚያው ቆማችሁ በስልካችሁ ፈልጉት። ሁለቱም ድረ ገጾች ላይ የፕሮጀክቶች ዝርዝር አለ። ካልወጣ በምን ስም እንደተመዘገበ ይንገሯችሁ።

ሕንፃው ገና ካላለቀ ደግሞ ቃሉ ውል ላይ ይግባ፦ የትኛው ሰርተፍኬት፣ ስንተኛ ደረጃ፣ እስከ መቼ፣ ካልመጣ ከዋጋው ስንት ይቀነሳል። ብሮሹሩንና ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ከውሉ ጋር አስቀምጡ፤ ፖስት ይጠፋል። «ይሄ ውል ላይ አይጻፍም» ካሏችሁ ለ«ግሪን» የተጨመረውን ዋጋ እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ።